ሞያሌ፦ ተራ ያጣ አስፋልት

በኬንያው ሞያሌ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው በጉልምስና ዘመኑ በዚህ ድንበር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ጎማ እየጠገነ የሚያድር አዛውንት ነው። ሁለተኛዋ ናይሮቢ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ ስታልፍ ጎማ ተንፍሶባት ነው የቆመችው። ሁለቱም ለክርክሩ እንዲመቹ የተሳሉ ሰዎች ናቸው። መንገዱ፣ ከተማውና ሕጉ ግን እንዳሉ ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፣ ጎማው እስኪያልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከናይሮቢ እስከዚህ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። ዲዳ ጋልጋሉን፣ ያን ሁሉ የጥቁር ድንጋይ በረሃ ሳቋርጥ መንገዱ አላስቸገረኝም። ከተማው ውስጥ ያለችው የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ግን ከበረሃው ባሰችብኝ። በግራ ተሳቢ፣ በቀኝ ተሳቢ፣ መሐል ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ፣ ከቦዳቦዳው ፊት ፍየል። ይህን መልክ የሚያስይዝ ሰው የለም?

ጎሚስታው፦ ልጄ፣ አንቺን ያማረረሽ እኛ ስንመኘው የኖርነው ነገር ነው። አስፋልቱ ሳይመጣ እዚህ የሚጨናነቅ መኪና መች ነበረ! ከኢሲዮሎ ወዲህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ኮረኮንች ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃ። ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖች ተጠባብቀው፣ ፖሊስ አጅቧቸው ነበር የሚጓዙት። ከብት በጫነ መኪና ላይ፣ ከከብቱ ራስ በላይ፣ ብረት ጨብጦ ናይሮቢ የሚወርድ መንገደኛ ነበር። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ባሌስትራ ከተሰበረማ እዚያው በረሃ ላይ ማደር ነው።

መሐንዲሷ፦ ያ ዘመን አለፈ። መንገዱ በዋናነት በአፍሪካ ልማት ባንክ ብድር፣ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ሞያሌ ደረሰ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መጥተው የጋራ የድንበር ፍተሻ ጣቢያውን መረቁ፤ ከሐዋሳ በሀገረ ማርያም አድርጎ ሞያሌ የሚገባውን 500 ኪሎ ሜትር መንገድም እንዲሁ። የጣቢያው ሐሳብ ቀላል ነው። ድሮ መኪና ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ሲገባ ሌላ ጊዜ ይፈተሽ ነበር። አሁን በሚገባበት አገር በኩል ብቻ ቆሞ የሁለቱም አገር ሠራተኞች እዚያው ይጨርሱለታል። አንድ ጊዜ ቆሞ እንዲያልፍ ነው የተሠራው።

ጎሚስታው፦ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ይሁን፤ ከበሩ በፊትስ? ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን እስኪጨርስ ይቆማል። ባለ ዕቃው ቀረጥ እስኪከፍል ይቆማል። ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል። ዕቃው ወደ ሌላ መኪና የሚገለበጥ ከሆነ ወዛደር እስኪሰበሰብ ይቆማል። ከብት የጫነው መሽቶበት ይቆማል። ሾፌርም ሰው ነው፤ ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ሽንት ይመጣበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናው የት ይሁን? «እዚህ ቁም» ያለው የለም። ስለዚህ በደረሰበት ይቆማል።

መሐንዲሷ፦ እኔም የምደርሰው እዚያው ነው። በሙያችን መንገድ ስናቅድ የሚያልፈውን እንቆጥራለን፤ በቀን ስንት መኪና፣ በምን ፍጥነት፣ ምን ያህል ጭነት እያልን። የሚቆመውን መቁጠር ግን እንረሳለን። ድንበር ከተማ ላይ ደግሞ የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። የሞያሌ ችግር መንገዱ መጥበቡ አይመስለኝም። ለሚያልፍ ተሠርቶ ለሚቆም መዋሉ ነው።

ጎሚስታው፦ ቢቆምስ ምን ይጎዳል? እኔ እዚህ የምበላው ከቆመው መኪና ነው። ከመንገዱ ማዶ ሻይ የምታፈላውም፣ ሥጋ ቤቱም፣ አልጋ አከራዩም እንደኔው። የሚያልፍ መኪና አቧራውን ትቶልን ነው የሚሄደው።

መሐንዲሷ፦ መቆሙን አልጠላሁም፤ የቆመበትን ቦታ ነው የምለው። ተሳቢው ሲቆም መንገዱ ላይ ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። አስፋልትን የሚያያይዘው ሬንጅ ነው፤ ሬንጅ በሙቀት ይለሰልሳል። መኪና በፍጥነት ሲያልፍበት ጫናው ለቅጽበት ነው። በጠራራ ፀሐይ ሲቆምበት ግን ጎማው ቀስ በቀስ ይሰምጥና የጎማ ቦይ ያወጣበታል። ከሞተሩ የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ደግሞ ሬንጁን ያሟሟዋል፤ ጠጠሩ መያዣ አጥቶ መፈልፈል ይጀምራል። ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ጠርዙ ነው። ሾፌሩ መንገድ ላለመዝጋት ግማሽ ጎማውን ከአስፋልቱ አውርዶ ትከሻው ላይ ይቆማል። ሲወርድና ሲወጣ ጠርዙን ይሰብረዋል። ትከሻው ይጎደጉዳል፣ ውኃ ያቁራል።

ሦስተኛው ዲቹ፣ የመንገድ ዳር የውኃ መውረጃው ነው፤ ዋናው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ጎማው ዲቹን ይደፍነዋል፤ ሳጥኑ፣ ፕላስቲኩ፣ የጫት ገረባው፣ የከብት እበቱ ይሞላዋል። ዝናብ ሲመጣ ውኃው መሄጃ ያጣና ወደ አስፋልቱ ሆድ ይገባል። የመንገድ ጥንካሬው ከሥር ያለው ጠጠር ነው፤ ላይኛው አስፋልት ስስ ነው። ጠጠሩ ውኃ ከጠጣ በኋላ አንድ ከባድ መኪና ሲያልፍበት ይንቀሳቀሳል፣ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ጉድጓድ ይሆናል። ሰው ጉድጓዱን አይቶ «ተቋራጩ በደንብ አልሠራውም» ይላል። ጉድጓዱን ግን የቆፈረው የቆመው መኪና ነው።

ጎሚስታው፦ እውነትሽን ነው፤ እኔም በእጄ አየዋለሁ። ወደዚህ ከሚመጣው ጎማ ብዙው መሐሉ የተበሳ አይደለም። ጎኑ የተቀደደ ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ ነው የሚቀድደው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ አይጠገንም፤ ሾፌሩ አዲስ ይገዛል። እና አየሽ፣ ፓርኪንግ ጠፋ ብሎ ዳር ላይ የወጣው ሾፌር ያን ጊዜ ለመንግሥት ያልከፈለውን ለጎማ ነጋዴ ይከፍላል።

መሐንዲሷ፦ ይህንን ለካውንቲው አስተዳደር ሰዎች ቢነግሩልኝ! የጭነቱ ነገር ደግሞ ይጨመርበት። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የሙከራ መንገድ ሠርተው መኪና አመላለሱበት። ያገኙት ነገር እስካሁን የሙያችን መሠረት ነው፤ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ከመጠን በላይ የጫነ አንድ ተሳቢ የሚያደርሰውን ጉዳት በሺህ የሚቆጠሩ የቤት መኪናዎች አያደርሱትም። ኬንያ ውስጥ ትልቁ ተሳቢ ከነጭነቱ ከ56 ቶን እንዳያልፍ የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጎሚስታው፦ ሚዛኑን ማወቅ አንድ ነገር፣ ሚዛኑን ማለፍ ሌላ ነገር። ተዪው፣ እሱን ብናነሳ ይመሻል። ይልቅ ይህን ዲች ማን ነው የሚጠርገው? ዓመት ዓመት ተሞልቶ አያለሁ፤ ሲጠረግ የማየው ግን አንዳንዴ ነው።

መሐንዲሷ፦ እሱን ለማወቅ ሕጉን ማየት ነው። በኬንያ የ2007ቱ የመንገድ ሕግ ሦስት መሥሪያ ቤቶች አቋቋመ፦ ለአውራ ጎዳና ኬንሃ፣ ለከተማ መንገድ ኩራ፣ ለገጠር መንገድ ኬራ። ይህ ከፊታችን ያለው አስፋልት ኢሲዮሎን ከሞያሌ የሚያገናኘው አውራ ጎዳና ስለሆነ የኬንሃ ነው። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአራተኛ አባሪው የካውንቲ መንገድን፣ የመንገድ መብራትን፣ ትራፊክንና ፓርኪንግን ለካውንቲ ሰጠ። እዚህ ካውንቲው ማርሳቢት ነው። ቆሻሻ ማንሣትም የካውንቲው ሥራ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ግን የማዕከላዊው መንግሥት ነው።

አሁን ይቁጠሩት። አስፋልቱ የኬንሃ፣ አስፋልቱ ላይ መቆም የካውንቲው ጉዳይ፣ የቆመውን የሚቀጣው ፖሊስ፣ ዲቹ የኬንሃ፣ ዲቹ ውስጥ ያለው ቆሻሻ የካውንቲው። በሦስት ሜትር ስፋት ውስጥ ሦስት አለቃ።

ጎሚስታው፦ ሁሉም የኔ አይደለም ለማለት የተመቸ ነዋ! በእኛም በኩል፣ ማዶ፣ ከዚህ አይሻልም። የኢትዮጵያው ሞያሌ ለኦሮሚያ ነው ለሶማሌ የሚለው ክርክር ስንት ዓመቱ! ዲች የሚጠርግ አለቃ ከየት ይምጣ?

መሐንዲሷ፦ ገንዘቡ ግን አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። በሁለቱም አገር ሾፌር ነዳጅ በቀዳ ቁጥር የጥገና ገንዘብ ይከፍላል። የእኛ የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ኬንያ ውስጥ በሊትር 18 ሺልንግ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ወደ 25 ሺልንግ ከፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ገንዘቡን ማን ያስተዳድር በሚል የምክር ቤት አባላትና የካውንቲ ገዢዎች ፍርድ ቤት ድረስ ተካሰሱ።

ጎሚስታው፦ እዚህ ላይ የድንበሩን ሚስጥር ልንገርሽ፤ ሚስጥርም አይደል፣ ሁሉም ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ነዳጅ በድጎማ ርካሽ በነበረ ጊዜ ጀሪካን የጫነ ቦዳቦዳ ማታ ማታ ወዲህ ሲሻገር ያድር ነበር። እዚህ ያለው ቦዳቦዳና ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ የሚነዳው በሱ ነበር። እና ያ ሁሉ ነዳጅ ለኬንያ መንገድ አንዲት ሺልንግ አልከፈለም ማለት ነው?

መሐንዲሷ፦ አንዲትም። ለኢትዮጵያ የከፈለው ካለም የሄደው በዚያ ወገን ላለ መንገድ ነው፤ መኪናው የሚፈጨው ግን የዚህን ወገን አስፋልት ነው። ከ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ድጎማው እየተነሣ የዋጋው ልዩነት ሲጠብ ኮንትሮባንዱ የሚያተርፈው ቀንሷል። ነገሩ የሚያስተምረው ግን አንድ ነው። ድንበር ከተማ በነዳጅ ቀረጥ ብቻ መንገዱን ማስጠገን አይችልም። ስለዚህ ነው በፓርኪንግ ክፍያ የማምነው። የቆመ መኪና ቆጥሮ ማስከፈል ጀሪካን ከመቁጠር ይቀላል።

ጎሚስታው፦ ክፍያ! ቆይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ከናይሮቢ እስከዚህ ስንት ቦታ ደረሰኝ እንደሚቆረጥ ሾፌሩን ጠይቂው። አንዱ ካውንቲ ለከብቱ፣ ሌላው ለመኪናው፣ ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ሳይታወቅ። ከፍሎ ያገኘው ምንድን ነው? ሽንት ቤት የለ፣ መብራት የለ፣ ጥበቃ የለ። ማታ ታንከሩን ከፍተው ናፍጣ እንዳይቀዱበት ረዳቱ ጎማ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። እዚያው መንገድ ላይ ቁመህ ለቆምክበት ክፈል ማለት መንገድ መሸጥ ነው።

መሐንዲሷ፦ ካልተከፈለ ግን ቦታው ከየት ይመጣል?

ጎሚስታው፦ ቦታውን መጀመሪያ አሳዪኝ። ከከተማው ወጣ ያለ ሜዳ ይሁን፤ አስፋልት አላልኩሽም፣ ገረጋንቲ ይነጠፍበት። ዙሪያውን ይታጠር፣ ሁለት መብራት፣ ሽንት ቤት፣ የውኃ ሮቶ፣ የሚጠብቅ ሰው። ያኔ ሾፌሩ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ለጥበቃ አሁንም እየከፈለ ነው እኮ፤ ደረሰኝ የማይሰጠው ልጅ ነው የሚቀበለው።

መሐንዲሷ፦ ይህን አልክድም። ገንዘቡ አሁንም ከሾፌሩ ኪስ እየወጣ ከሆነ አዲስ ሸክም አይሆንበትም፤ ተቀባዩ ነው የሚቀየረው። ግን ሜዳው ብቻውን አይበቃም። ሜዳው ሩቅ ከሆነና ወረቀቱ የሚያልቀው በሩ አጠገብ ከሆነ፣ ሾፌሩ «ተራዬ ያመልጠኛል» ብሎ ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይሰለፋል። ብዙ አገር የከባድ መኪና ማቆሚያ ተሠርቶ ባዶውን የሚቀረው ለዚህ ነው።

ጎሚስታው፦ አሁን ወደ ነገሩ መጣሽ። የቦረናን የውኃ ጉድጓድ አይተሻል? ቱላ የሚባሉትን፣ ሰው በመደዳ ቆሞ እየዘፈነ ውኃ የሚቀባበልባቸውን?

መሐንዲሷ፦ በፎቶግራፍ ነው የማውቀው። ቱሪስት ሁሉ የሚፈልገው እሱን አይደል?

ጎሚስታው፦ ቱሪስቱ ዘፈኑን ነው የሚያየው፤ ሥርዓቱን አያየውም። በሺህ የሚቆጠር ከብት ይመጣል። ሁሉም ይጠማል፤ በድርቅ ጊዜ ሁሉም ይቸኩላል። ግን ከብቱ ጉድጓዱ አፍ ላይ አይጋፋም። ሩቅ፣ ውጭ ላይ ይጠብቃል። አባ ሂሬጋ የሚባል ሰው አለ፤ የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስከብረው እሱ ነው። ዛሬ የማን ከብት፣ ቀጥሎ የማን የሚለው ቀድሞ ታውቋል። ተጠርቶ የሚገባው በቁልቁለቱ ወርዶ ይጠጣና ይወጣል፤ ሌላው ይገባል። ያጠጣ ሁሉ ደግሞ ጭቃና እበቱን በመጥረግ፣ ገንዳውን በመለሰን ጉልበት ያዋጣል። ማቆሚያ፣ ተራ፣ ጥገና፤ ሦስቱም በአንድ ሥርዓት ውስጥ ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ከተማ ገብቶ በተሳቢ ሲጋፋ ሳይ ነው የሚገርመኝ።

መሐንዲሷ፦ ከብቱ ራቅ ብሎ በትዕግሥት የሚጠብቀው ተራው እንደማይነጠቅ ባለቤቱ ስለሚያውቅ ነው። ሾፌሩም ሜዳው ላይ ሲገባ ቁጥር ቢሰጠው፣ ቁጥሩ በሩ ላይም የሚታወቅ ቢሆን፣ በስልክ መልእክት ሲጠራ ብቻ ቢነሣ፣ አስፋልቱ ላይ የሚቆምበት ምክንያት አይኖረውም። ወረቀቱ ያላለቀለት ደግሞ አይጠራም። በሩ ላይ የሚደርሰው ዝግጁ የሆነ መኪና ብቻ ይሆናል።

ጎሚስታው፦ ተራ አስከባሪ ማለት ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ላይ አለ፤ እዚህም ማታቱው በየስቴጁ፣ በየመነሻው፣ አለው። ተሳቢው ብቻ ነው ያጣው።

መሐንዲሷ፦ ጎን መቀየሩስ ጋሼ? እኔ ወዲያ ስሻገር በቀኝ መንዳት ልጀምር ነው። ኬንያ በግራ፣ ኢትዮጵያ በቀኝ።

ጎሚስታው፦ እኛም በግራ እንነዳ ነበር እኮ! ወደ ቀኝ የተዛወርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ለሾፌሮች በሩ ላይ ጎን መቀየር ከባድ አይደለም። መኪናው ቆሞ፣ ተፈትሾ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። መሪው በግራ የሆነ የኢትዮጵያ መኪና በዚህ ወገን ሲቀድም ከፊቱ የሚመጣውን አያይም፤ ረዳቱ ነው «ግባ» የሚለው። ከሁሉ የሚብሰው ቦዳቦዳው ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ይሻገራል፤ በየትኛው ጎን እንዳለ የሚረሳው እሱ ነው። እግረኛም እንዲሁ። ማዶ ያደገ ልጅ መንገድ ሲያቋርጥ በመጀመሪያ ወደ ግራ ያያል፤ እዚህ መኪናው የሚመጣው በቀኝ ነው።

መሐንዲሷ፦ ብራዚልና ጉያና እ.ኤ.አ. በ2009 በታኩቱ ወንዝ ላይ ድልድይ ሲከፍቱ ይኸው ችግር ነበረባቸው፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይነዳል። መንገዱን ራሱን አጣምመው አንዱ መስመር በሌላው ሥር እንዲያልፍ አደረጉት፤ ሾፌሩ ሳያስብ ጎን ይቀይራል። ሞያሌ ለዚያ ዓይነት ግንባታ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልጋትም። ለሞተረኛና ለእግረኛ ከተሳቢው የተለየ መተላለፊያ ቢሰጥ፣ ማቋረጫው ላይ «ወደ ቀኝ እይ» ተብሎ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በስዋሂሊ አስፋልቱ ላይ ቢጻፍ፣ ከመሻገሪያው ወዲህም ወዲያም የፍጥነት መቀነሻ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀላል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የትንንሽ ሞተር ሳይክሎችን ቀረጥ ካነሣች ጀምሮ ቦዳቦዳ የወጣቱ ሁሉ እንጀራ ሆኗል፤ አታቋርጡ ማለት አይሠራም። ስቴጁን ከማቋረጫው አርቆ ቦታ መስጠት ግን ይቻላል።

ጎሚስታው፦ ቱሪስቱን ረሳሽው። በሞተር፣ በላንድክሩዘር፣ በብስክሌት ከካይሮ ኬፕታውን ድረስ ከሚሄዱት ብዙዎቹ እዚህ ያልፋሉ። ያ የብስክሌት ጉዞ እንኳ፣ ቱር ዳፍሪክ የሚሉት፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ግን አያድሩም። ማኅተሙን አስመትተው ወደ ማርሳቢት ወይም ወደ ያቤሎ ይፈተለካሉ።

መሐንዲሷ፦ እኔ ራሴ ለምን ልቆም አልፈለግሁም? መኪናዬን የት ላድርገው ብዬ ነው። ዕቃ የጫነ መኪና ይዞ የሚዞር እንግዳ መጀመሪያ የሚፈልገው ሆቴል አይደለም፤ ጥበቃ ያለበት ግቢ ነው። ያንን ካገኘ ምሳ ይበላል፣ ገበያ ይወጣል፣ ስለ ኤል ሶድ የጨው ጉድጓድ ይጠይቃል፣ አስጎብኚ ይቀጥራል። ለተሳቢው የሚሠራው ሜዳ አንድ ጥግ ለትንንሽ መኪና ቢተው ለቱሪዝም ሌላ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ከተማ ላይ ገንዘብ የሚያወጣው የቆመ ሰው ነው፤ እርስዎም ቅድም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ጎሚስታው፦ ሜዳው ከራቀብን ግን እኛ የምንበላው አብሮ ይሄዳል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሻይ ሻጭ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ተሸክማ ሩቅ አትሄድም። «መንገድ እናጽዳ» የሚል ሹም መጥቶ ጎጆዋን አፍርሶ ቢሄድ፣ መንገዱ ይጸዳል፣ እሷ ትራባለች። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሳ እዚያው ትሠራዋለች።

መሐንዲሷ፦ ትክክል ነው። ስለዚህ ሜዳው ከመነጠፉ በፊት የሱቁ መደዳ ይለካ፤ አሁን መንገድ ዳር ያለው ሰው በስሙ ቅድሚያ ያግኝ። ጎሚስታውም፣ ሻይ ሻጯም፣ ገንዘብ መንዛሪውም። መኪናው ሲሄድ ገበያው አብሮት ይሂድ። አንዱ ያለ ሌላው ከሄደ ሥራው ከሽፏል።

ጎሚስታው፦ በስሙ ካልሽ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ይህች ከተማ የቦረናው፣ የገብራው፣ የገሪው፣ የቡርጂው፣ የሌላውም ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ላይ በካውንቲ ሥልጣን የተነሣ እዚህ ደም ፈስሷል፤ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ተሰዷል። ሱቅ ለማን፣ የተራ አስከባሪነቱ ሥራ ለማን የሚባለው ጥያቄ ከአስፋልቱ ይበልጣል። ተራ አስከባሪው የአንዱ ወገን ነው ከተባለ ተራውን ማንም አያከብርለትም።

መሐንዲሷ፦ እርስዎ ባይነግሩኝ ዕቅዴ ላይ ይህን አላስገባውም ነበር። ምን ይበጃል ይላሉ?

ጎሚስታው፦ አንድ ሰው አትሹሙ። በየወሩ የሚለዋወጥ ከየወገኑ የተመረጠ ቡድን ይሁን፤ ሾፌሮችም ይኑሩበት። ቁጥሩ ከሰው አፍ ሳይሆን ከወረቀት ወይም ከስልክ ይውጣ፤ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም ያየው። ገንዘቡም እዚያው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ትናንት ስንት ተሰበሰበ፣ በምን ላይ ወጣ። ሾፌር ገንዘቡ የት እንደገባ ካየ አያጉረመርምም።

መሐንዲሷ፦ ከተሰበሰበው መጀመሪያ የሚወጣው ለዲች ጠረጋ ነው። እዚህ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጋና፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል ሐጋያ። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የካቲት ላይና ነሐሴ ላይ፣ ዲቹ ይጠረግ። ማሽን አይፈልግም፤ አካፋ፣ ጋሪና የቀን ሠራተኛ ይበቃል፤ ለወጣቱም ሥራ ነው። ቀጥሎ ጉድጓዱ ትንሽ እያለ ይጠገን። አፈር መድፋት ጥገና አይደለም፤ ጠርዙ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ተጠርጎ፣ ሬንጅ ተረጭቶበት፣ ተሞልቶ ይደመደማል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? የመንገድ ጥገና ትርጉሙ በሙሉ እሱ ነው።

ጎሚስታው፦ አሁን ስለ ክፍያው አልከራከርሽም። ቅደም ተከተሉን ብቻ አስቀምጪልኝ። መጀመሪያ ቦታ፣ ቀጥሎ ተራ፣ ከዚያ ክፍያ፣ በመጨረሻ ቅጣት። ከቅጣት የጀመረ ሹም ጉቦ ነው የሚያተርፈው፤ መቆሚያ የሌለውን ሾፌር ቆምክ ብለህ ስትቀጣው ሌላ ምን ያደርጋል? ቦታው ከተሰጠው በኋላ አስፋልት ላይ የሚቆም ካለ ግን ጎማውን አስሩበት፤ እኔም አልፈታለትም።

መሐንዲሷ፦ ቅደም ተከተሉን እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ክፍያው ሙሉው ግቢ እስኪያልቅ አይጠብቅ። የሽንት ቤቱ በር የተከፈተ ዕለት ይጀምር፤ ያኔ መብራቱን የሚያስገባው ክፍያው ራሱ ይሆናል። ሁሉም እስኪሟላ ከተባለ ብድር ሲጠበቅ ሌላ አሥር ዓመት ያልፋል።

ጎሚስታው፦ ይሁን፤ ሽንት ቤቱ በተከፈተ ዕለት። አንድ ነገር ግን ቀርቶሻል። ይህን ሁሉ በኬንያው ወገን ብቻ ብትሠሩት ሰልፉ አይጠፋም፤ በሩን ተሻግሮ ማዶ ይተኛል። እዚያ ደግሞ አሁንም ያው ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሾፌርም እዚህ ቁጥር ስለሌለው ተመልሶ አስፋልቱ ላይ ይሰለፋል።

መሐንዲሷ፦ ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ይሁን፤ ለሁለቱም ከተማ። የሁለት አገር የጉምሩክ ሠራተኞች በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ወረቀት ማየት ከቻሉ አንድ የተራ መዝገብ መያዝ አያቅታቸውም። ማርሳቢት ካውንቲና የማዶው ከተማ አስተዳደር፣ ኬንሃና የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከየዝናቡ በፊት፣ እዚህ ተገናኝተው ዲቹን አብረው ይዩት። ሌላ ስምምነት መፈረም አይጠበቅባቸውም፤ የፈረሙት በቂ ነው።

ጎሚስታው፦ ከዝናቡ በፊት ነው ያልሽው፤ አትርሺው። ከዝናቡ በኋላ ከመጡ የሚያዩት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ያየ ሹም ደግሞ አዲስ መንገድ ነው የሚያስበው። ለዲች ሪባን የሚቆርጥ የለም።

መሐንዲሷ፦ የካቲት ላይ ይምጡ ብዬ እጽፋለሁ።